የዓርብ ረዳት

«አውሪልኝ» አላት አባቷ ሙሴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ቤቴል ቀና አለች። ከኋላ የለስላሳ ጠርሙሶቹ ይንኳኳሉ። የቱርሚን ከተማ ካለፉ ቆይተዋል። የቀትር ፀሐይ በአይሱዙው መስታወት ገብታ ጋቢናውን እንደ ምድጃ አግላዋለች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጥቋጦውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። እንቅልፍ የሚመጣው እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው እንጂ ጠመዝማዛው ላይ አይደለም።

«ምን ላውራልህ?»

«የሳምንቱን ትምህርት ነዋ። ባዮሎጂ ላይ ነበርን።»

«ልብ አራት ክፍል አላት።»

«የአቶ ንብረትስ?»

«የሱ አንድ ክፍል ብቻ ናት። እሷም መጋዘን ናት።»

ሙሴ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። ሲስቅ እንቅልፉ እንደሚሸሽ ቤቴል ታውቃለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምራ ቀልድ ታጠራቅምለታለች።

አቶ ንብረት ሙሴ የሚሠራበት የጂንካ ለስላሳ ማከፋፈያ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቀድሞ ዕቃ ለማድረስ ኦሞራቴ የራሱ ቀን ነበረው፤ ካንጋተንም የራሱ። ሙሴም ተመስገን የሚባል ረዳት ነበረው። ተመስገን ሳጥን ያወርዳል፣ ዳገት ላይ ሲቆሙ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመንገዱ ሁሉ አፉን አይዘጋም። አቶ ንብረት ሁለቱን ከተሞች ዓርብ ላይ ደረባቸው፤ ተመስገንንም «ወጪ ነው» ብሎ አሰናበተው።

ቤቴልን ማንም ሂጂ አላላትም። አንድ ሐሙስ ማታ አባቷ እራት ሳይበላ መሬት ላይ ሲያንቀላፋ አየችው። በማግስቱ የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርሟን ትታ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ክፍል ውስጥ አትገኝም። ጓደኛዋ ኢየሩስ «አንቺ፣ ዲግሪሽን በረዳትነት ልትይዢ ነው እንዴ?» እያለች ትፎግራታለች። ቤቴል ግን ትኮራ ነበር። ታኮ ስታደርግ መኪናው ንቅንቅ አይልም። መንገድ ላይ ዲመካ ከተማ ሲደርሱ ልጆቹ ከሩቅ አይተዋት «ረዳቷ መጣች!» ይላሉ።

«ከዚያስ? ደሙ የት ሄደ?» አላት ሙሴ።

«ከቀኝ በኩል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እዚያ ኦክስጅን ይጭናል...»

«እሱም ጭነት አለው?»

«አለው። ከዚያ ወደ ግራ በኩል ይመለሳል... ከዚያ...»

መቼ ዝም እንዳለች አታውቅም።

የቀሰቀሳት የቅርንጫፍ ጩኸት ነበር። የግራር እሾህ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ፋቀው፤ ከኋላ ጠርሙስ ተንኮታኮተ። የአባቷ ክንድ ደረቷ ላይ ተዘርግቶ ከወንበሩ ጋር አጣብቋታል። መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ቁጥቋጦ መሀል ቆሟል። ከፊታቸው ፍየሎች በየአቅጣጫው ይበታተናሉ።

አንዲት የሐመር ወጣት ዱላዋን ይዛ ብቅ አለች። መጀመሪያ ፍየሎቿን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለች፤ ሙሴም በተሰባበረ ሐመርኛ መለሰላት።

«ምን አለችህ?»

«"መኪናህ ቅጠል መብላት ጀመረ?" ነው ያለችኝ።» ሊስቅ ሞከረ። አልቻለም።

«እኔ ነኝ አባዬ። እኔ ቀድሜ ተኛሁ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። ልጅ ይተኛል።» ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ስለ ጠርሙሶቹ ከጠየቁን መሪው ሳበኝ እላለሁ።»

ቤቴል ይህን አባባል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በጂንካ ሾፌሮች መሀል «ተኛሁ» የሚል የለም። መኪና ከመንገድ ሲወጣ ሁሉም «መሪው ሳበኝ» ይላል፤ የሰማውም ይገባዋል፣ ደግሞ አይጠይቅም። እንቅልፍ ወሰደኝ ላለ ሾፌር ማን ቁልፍ ይሰጠዋል?

ሰኞ ከትምህርት መልስ ማከፋፈያው ጋ ስትደርስ አባቷ ከአቶ ንብረት ጋር ቢሮው በር ላይ ቆሟል። ሙሴ ሲናደድ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያን ቀን ቤቴል ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባት።

«ወይ ተመስገንን ይመልሱልኝ፤ ወይ ካንጋተንን በሌላ ቀን ያድርጉልኝ። ከሁለት አንዱን ነው የምለምንዎት።»

አቶ ንብረት ቤቴልን አየና ፊቱ በራ። «ይኸው መጣች አይደል እንዴ ረዳትህ! እኔ ለዋናው መሥሪያ ቤት ምን ብዬ ሪፖርት እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ኦሞራቴና ካንጋተን ያለ ረዳት በአንድ ቀን ይሠራል ብዬ ነው። እየተሠራም ነው። ደግሞ ከተመስገን ትሻላለች፤ ደሞዝ አትጠይቅ፣ ጫት አትቅም!»

ጫኞቹ ሳቁ። ቤቴልም ልትስቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ሲያሞግሳት የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ግን ሳቁ ከንፈሯ ላይ ቀረ። አባቷ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያያል።

ወደ ቤት አብረው አመሩ። ቤቴል ስለ ሪፖርቱ ታስባለች። የአባቷን ሸክም የምታቀልለት መስሏት ነበር። እሷ ግን ዓርብ ዓርብ ጋቢናው ውስጥ እየተቀመጠች፣ ሸክሙ ይቻላል እያለች ስትመሰክርበት ከርማለች።

«አባዬ፣ ዓርብ ባልሄድስ?»

«አትሂጂ። መማር አለብሽ። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ትተኛለህ።»

«አልተኛም» አለ ሙሴ፤ እሱም እሷም እንዳላመኑት ተያዩ።

ዓርብ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ከአባቷ ጋር ወጣች። ምን እንደምታደርግ ገና አልወሰነችም። ግቢው ውስጥ አይሱዙው ጭነቱን ተሸክሞ ቆሟል። የሌላኛው መኪና ሾፌር ጋሽ ገብረ ማርያም፣ የኢየሩስ አባት፣ ሸራውን በገመድ እየጠፈረ ነው። አቶ ንብረት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከቢሮ ወጣ።

«ሙሴ፣ ካንጋተኖች እየደወሉ ነው። ምን ያስቆምሃል? ረዳትህ ትግባ እንጂ!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የጋቢናው በር እጀታ በመዳፏ ውስጥ ነው። ብትገባ እንደ ሌላው ዓርብ ይሆናል። ባትገባ አባቷ ብቻውን ይነዳል፤ ያ ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ እዚያው ነው ያለው። እጀታውን ለቀቀች።

«አባዬ፣ ዛሬ አልሄድም። አንተም ብቻህን አትሂድ።»

ሙሴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ አስቀመጠው።

«አቶ ንብረት» አለ፣ ከሹክሹክታ ከፍ ባላለ ድምፅ። «ባለፈው ዓርብ መሪው አልሳበኝም። ተኝቼ ነው። ልጄን ይዤ ተኝቼ ነው።»

ጫኞቹ የያዙትን ሳጥን አስቀመጡ። አቶ ንብረት ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ሰው ፊት የምታወራውን ታውቃለህ? በዚህ ቃልህ ብቻ ላባርርህ እችላለሁ።»

«ይችላሉ።»

ጋሽ ገብረ ማርያም ገመዱን ለቀቀው። «ስታባርር እኔንም ጨምረኝ። ወይጦ ሜዳ ላይ እየነዳሁ ተኝቻለሁ። አንዴም አይደለም።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ የደነገጠ ይመስላል።

አቶ ንብረት አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ትቶ ወደ ቤቴል መጣና ድምፁን አለሳለሰ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ ተቆጥቷል። ዛሬን ብቻ ሂጂለት። ሰኞ ተመስገንን አስጠራዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ቤቴል ወደ አባቷ አየች። አባቷ ሂጂም፣ አትሂጂም አላለም። ለእሷ ትቶላታል። ዛሬን ብትሄድ ሁሉም ሰላም ይሆናል፤ መኪናው ይወጣል፣ አባቷም ሥራው ላይ ይቆያል። ማታ ግን ሁለቱም ከተሞች ዕቃቸውን አግኝተው፣ መኪናው ደህና ከተመለሰ፣ ሰኞ ተመስገንን የሚጠራው ማነው? ለምን ብሎ?

«ተመስገን ሰኞ ከመጣ» አለች፣ «ካንጋተኖችም ዕቃቸው ሰኞ ይድረሳቸዋ። እኔ ዛሬ ትምህርት አለኝ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ግቢው በር አመራች። ሞተር ሲነሳ ትሰማ እንደሆነ ብላ በቀስታ ተራመደች። ሞተር አልተነሳም።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለ ጋሽ ገብረ ማርያም፣ ጫኞቹም አቶ ንብረትም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። ይጠይቅ እንጂ ከተወለደች ጀምሮ ያውቃታል።

«የእኔ ናት» አለ ሙሴ።

ያን ጊዜ ድምፁ ዝቅ አላለም። እሱ ካለፈ ከዓመታት በኋላም ቤቴል ያቺን ቃል በዚያው ድምፅ ትሰማታለች።

ያን ጠዋት ግን ዞር ብላ አላየችውም። አሮጌውን የአውሮፕላን ሜዳ እያቋረጠች ሳለ የትምህርት ቤቷ የሰልፍ ደወል ከወዲያ ማዶ ተሰማ። ጤዛው ጫማዋን እያረጠበው እርምጃዋን አፈጠነች።