የግራው ወይስ የቀኙ ቸርኬ

መካኒኩ ሰለሞን ለፖሊስ በሰጠው ቃል እንዲህ አለ፦

«ለምሳ ስወጣ መኪናው ክሪክ ላይ አልነበረም። ከአሮጌዎቹ ጎማዎች አንዱን ከቀኝ በር ሥር አጋድሜ፣ መኪናውን እሱ ላይ አሳርፌ፣ ክሪኩን አወጣሁ። ሁልጊዜ የምሠራው እንደዚህ ነው። ፊሊሞን ከሥር ተኝቶ እያፏጨ ነበር። ተውኩትና ወጣሁ።»

የጎማ ብረት የሆነውን ቸርኬ የሚሸጠው አማኑኤል ደግሞ እንዲህ አለ፦

«በጋራዡ በር ሳልፍ መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጎማ የሚባል ነገር ከሥሩ የለም። ‹ፊሊ፣ ኧረ ጎማ አስገባበት!› ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝ። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።»

ኢንስፔክተር ትርሲት ሁለቱን ቃል ደጋግማ አነበበች። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የቆቦ ከተማ ሰው ግን ውሸታሙን መርጦ ጨርሷል። ነጩ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ከባለቤቱ ከሟቹ ፊሊሞን ደረት ላይ ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው የተጣመመ ክሪክ ነው፤ ጎማ አልተገኘም። ሰለሞን ታሰረ። ሚስቱ የምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች፤ በግዴለሽነት ሰው ገደለ ከተባለ ጋራዡም ኑሯቸውም እዚያው ያበቃል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ትርሲት፣ ምን ቀረሽ? መኪናው ከመጠን በላይ ዝቅ ብሏል፣ መካኒኩ ግዴለሽ ነው። አለቀ።»

«አንድ ቀን ስጡኝ።»

«ሙቀቱ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ» አለና ዘጋው።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ እውነትም ሙቀቱ አናት ይበሳል። መኪናው ሰዎች በእጃቸው አንስተው ድንጋይ ላይ እንዳስቀመጡት አለ፤ ቀኝ ጎኑ ወደ ግድግዳው፣ ግራ ጎኑ ወደ መግቢያው በር ነው። ትርሲት ዞረችው። በግራ በኩል ሁለቱም ቸርኬዎች ብርማ፣ ቀጫጭን ጣት ያላቸው ናቸው። በቀኝ በኩል የኋላው ጥቁርና ሰፊ ነው፤ የፊቱ ጥቁር ደግሞ ተፈቶ መሬት ላይ ተኝቷል።

«አንድ መኪና ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ አይቼ አላውቅም» አለች ለራሷ።

አራቱ አሮጌ ጎማዎች ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ሦስቱ ቸርኬያቸው እንዳይጫር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። አራተኛው ብቻ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ምን እንደሚላት ግን አልገባትም። ይህም አናደዳት።

የፊሊሞን እህት ብሩክታዊት ለቅሶ ቤቱን ትታ መጥታ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ይሄ የቸርኬ ነገር ምንድን ነው?» አለቻት ትርሲት።

«መምረጥ አቅቶት ነው እቴ። ከክረምት ጀምሮ ሲመርጥ! በመጨረሻ ግራውን አንዱን፣ ቀኙን ሌላውን አልብሶ ዞሮ ዞሮ ያይ ጀመር። ከግራ ሲያየው ብርማው ያምረዋል፣ ከቀኝ ሲያየው ጥቁሩ። ‹ጥቁሩ ያምራል፣ ግን ሰፊ ነው፤ መሪ ሲታጠፍ ጭቃ መከላከያውን ይበላዋል› ይላል፤ ተመልሶ ደግሞ ‹ያምራል እኮ!› ይላል። አማኑኤል ጥቁሩን እንዲወስድ ነጋ ጠባ ይጎተጉተው ነበር። ሁለቱንም ለሙከራ የሰጠው እሱ ነው።»

«መኪናውን ዝቅ ያደረገውን ሞላስ ከማን አገኘ?»

«እሱም ከአማኑኤል ነው።» ብሩክታዊት ድምፅዋን ቀነሰች። «ሰሞኑን ግን ቸርኬውን ረስቶ ነበር። ‹ሞላው ይንቋቋል፣ ደስ አላለኝም› ይል ነበር። ዋጃ ከተማ ሄዶ መጣና ዝም አለ። አምና እዚያ መኪናው ተገልብጦ የሞተውን ልጅ ታስታውሺያለሽ? የዚያን ልጅ የተሰባበረ መኪና አይቶ ነው የመጣው። ‹አባቱን ሳላናግር እንቅልፍ አይወስደኝም› አለኝ።»

«ስለ ምን?»

«አልነገረኝም! ጠይቄው ነበር፣ ‹መጀመሪያ ላረጋግጥ› አለኝ።» እንባዋ መጣ። «አሁን ከተማው ሁሉ በጉራው ሞተ ይላል። ዝቅ ማድረጉ ገደለው ይላል።»

ትርሲት የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ አስከፈተቻት። የመኪናው የራሱ ክሪክ ከነአቧራው በቦታው ታስሯል። ማንም አልነካውም።

አጎታቸው አያሌው ሬሳውን መጀመሪያ ያገኙት ሰው ናቸው። የጎብዬ መስመር ሚኒባስ ይነዳሉ። ከፊሊሞን ጋር በመኪናው ምክንያት በአደባባይ ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም፤ ጥቂት ሰዎችም በዚሁ በጎሪጥ ያዩአቸው ጀምረዋል።

«ጋሽ አያሌው፣ ለምን ነበር የምትጨቃጨቁት?»

«መኪና እንደምትታቀፍ ዶሮ መሬት ላይ ሲያስተኛ ዝም ልበል? ‹አንተ ልጅ፣ ይህ መንገድ ለዚህ የሚሆን አይደለም› አልኩት። እሱም ‹የእርስዎ ሚኒባስ ደግሞ ግመል ነው› አለኝ። ሰደብኩት። ሰደበኝ። ማታ ግን አብረን በላን። ይሄን ማን ያወራል?»

«ሲያገኙት ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ አበድኩ! ሚኒባሴ እዚያ ጥግ ክሪክ ላይ ነበር። አውርጄ፣ ክሪኩን እየጎተትኩ መጣሁ። ከመኪናው ሥር ብሞክር ብሞክር አልገባም፤ ክሪኩ ረጅም፣ መኪናው ሆዱ መሬት። ጮህኩ። ሰው መጥቶ በእጅ አነሳነው።»

ትርሲት ብዕሯን አቆመች። «ይህን ለምን ቀድመው አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹ተጣልታችሁ ነበር ወይ› ብቻ ነው የሚሉኝ።»

ሰለሞንን እስር ቤቱ ውስጥ አገኘችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ስንት ክሪክ አለህ?»

«እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ ካላመናችሁኝ ምን ልበል?»

«ሰለሞን፣ ስንት ክሪክ አለህ?»

«አንድ።» ዞረ። «ድሃ ጋራዥ ነው፣ አንድ ነው ያለኝ። ለዚያ እኮ ነው መኪናውን ጎማ ላይ የማሳርፈው። ክሪኩን ለሚቀጥለው መኪና እፈልገዋለሁ።»

«ሞላውን ስትገጥም ምንም አልታየህም?»

«ንዝረት ከሚያበርደው ከአሞርዛተሩ ጋር ተገጣጥሞ ነው የመጣው። አማኑኤል ‹ሳትፈታ አስገባው፣ ከፋብሪካ እንዲህ ነው› አለኝ። ፊሊሞን ትናንት ጎማውን ፈትቶ ማየት የፈለገው እሱን ነበር።»

ሬሳው ወዳለበት ሆስፒታል ሄደች። የፊሊሞን ጥፍሮች ውስጥ ቀይ ነገር ነበር። ደም ነው ብለው አልፈውታል። እርጥብ ጨርቅ አስመጥታ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። በመርፌ ስትጭረው ግን ተቀረፈ። ቀለም ነው። መኪናው ነጭ ነው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲያንገበግባት የቆየው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ቦታ ቦታውን መያዝ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሰለሞን በፖሊስ ታጅቦ መጣ። አያሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብሩክታዊት ከመኪናው አጠገብ ቆመች። አማኑኤል የራሱን ትንሽ ቪትዝ መኪና በሩ ላይ አቁሞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ።

«ኢንስፔክተር፣ ለቤተሰቡ ብታዝኑ ጥሩ ነበር» አለ። «ስንት ጊዜ ቃል እንሰጣለን?»

«ይህ የመጨረሻው ነው። አቶ አማኑኤል፣ ሲያልፉ የቆሙበት ቦታ ላይ ይቁሙልኝ።»

በሩ ላይ ቆመ። ትርሲት ሰለሞንን መኪናውን በቀኝ በኩል እንደዚያን ቀን እንዲያነሳው አዘዘችው። ሰለሞን ከአያሌው ጋር ሆኖ አነሳው።

«አሁን ከቀኝ በር ሥር ጎማ አለ ወይስ የለም?»

አማኑኤል አንገቱን አሰገገ። ጎንበስ አለ። መልሶ ቀና አለ።

«የለም።»

«ብሩክታዊት፣ ዞረሽ እይልን።»

«አለ» አለች ብሩክታዊት።

ሰለሞን መኪናውን ሲያነሳ በግድግዳው በኩል ሌላ አሮጌ ጎማ አጋድሞበት ነበር።

«በሌላ መኪና ቢሆን ከሥር አጮልቆ ማየት ይቻል ነበር» አለች ትርሲት። «ይህ ግን ዝቅ ብሏል። ቀኙ ሲነሳ ግራው ደግሞ ይባስ መሬት ይነካል። ከዚያ በር የሚታየው የግራው በርና ሁለቱ ብርማ ቸርኬዎች ብቻ ናቸው። ጎማ አለመኖሩን ያየ ሰው በቀኝ በኩል፣ ከግድግዳው ጋር ነበር የቆመው።»

«ገባ ብዬ ይሆናላ! ደንግጬ ነበር፣ ረስቼው ነው።»

«እሺ። ወደ ክሪኩ እንምጣ። ጋራዡ አንድ ክሪክ ነው ያለው፤ እሱም የጋሽ አያሌውን ሚኒባስ ተሸክሞ ነበር፤ ሬሳውን ሲያገኙ ከዚያ ነው ጎትተው ያመጡት። የፊሊሞን ክሪክ ከነአቧራው ኋላ ታስሯል። ታዲያ ከሥሩ የተገኘው ይህ ትንሽ፣ የሚታጠፍ ክሪክ የማን ነው?» የተጣመመውን ክሪክ ከጆንያ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «መኪናው ሲወድቅ ከሥር ያዘው፤ ባለቤቱ ሊያወጣው አልቻለም። ክሪክ ላይ ነበር የሚለው ወሬ የመጣው ለዚህ ነው። ወሬው እንዲያምር ደግሞ ጎማው መጥፋት ነበረበት።»

ወደ ግድግዳው ሄደች።

«ሰለሞን፣ ጎማ ስትደግፍ ፊቱን ወዴት ታዞራለህ?»

«ወደ ግድግዳ። እንዳይጫር።»

«ሱቅ ውስጥ ቸርኬ የሚደረድር ሰውስ? ገዢ እንዲያየው ፊቱን ወደ ውጭ ያደርጋል። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ከሥር የወጣው ጎማ ይህ ነው።»

አያሌው ከድንጋዩ ተነሱ። «አንተ...»

«ይቆዩ ጋሼ። አቶ አማኑኤል፣ የቪትዝዎን ክሪክ ያሳዩን።»

«አውሼዋለሁ።»

«ለማን?»

አማኑኤል በሩ ላይ ወዳቆመው መኪና ዞር ብሎ አየ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ትርሲት ሰለሞንን የፊት ቀኙን ሞላ እንዲፈታ አዘዘችው። ሞላው በፊሊሞን ጥፍር ውስጥ እንደተገኘው ቀለም ደማቅ ቀይ ነበር። አንድ ጎኑ በስለት ተፍቋል፤ ከቀለሙ ሥር አሮጌ ዝገት ይታያል። ሰለሞን ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሳበ።

«ይሄ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ አይደለም! የማንም አሮጌ ሞላ ነው። በብረት መቁረጫ ግራይንደር ተቆርጦ ቀለም ተቀብቷል። ትክክለኛው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ይሄ ጉድጓድ ሲገባ ከቦታው ይዘላል።»

«የዋጃው ልጅ መኪናም ላይ ይኸው ነው ያለው። ዛሬ ማለዳ ሄጄ አይቼዋለሁ» አለች ትርሲት። «ፊሊሞን ያንን አየና የራሱን ፍቆ ሊያረጋግጥ እዚህ ሥር ገባ። ለሟቹ አባት ሊናገር ነበር። ለእርስዎም ነገርዎት፤ ጓደኛዎ ነበርና ቀድመው እንዲያውቁ ፈለገ።»

«ሱቄን ሊያዘጋኝ ነበር!» አማኑኤል በድንገት ጮኸ። «ነፍሰ ገዳይ ሊያስብለኝ! ለመንኩት። ‹ተወው፣ አምና ያለፈ ነገር ነው› አልኩት። ‹አባቱ ልጁን እስካሁን ይረግማል፣ በፍጥነት ነድቶ የሞተ መስሎት› አለኝ። ከሥር ተኝቶ እየፋቀ!»

«እና ትንሽ ከፍ ላድርግልህ አሉት?»

አማኑኤል መሬት መሬቱን አየ። «አመሰገነኝ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ጎማውን ስስበው እንኳ አመሰገነኝ። ከዚያ መኪናውን በትከሻዬ ገፋሁት።»

ብሩክታዊት የመኪናውን ጣሪያ ይዛ ቆመች። አያሌው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሁለት ፖሊሶች አማኑኤልን በቪትዙ አጠገብ አሳልፈው ወሰዱት።

የሰለሞን እጅ ተፈታ። ሚስቱ በር ላይ ነበረች፤ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። ትርሲት ለአለቃዋ ለመደወል ስልኳን አወጣችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ይቆይ አለች። ደስታ አልተሰማትም። ያን ሰው ዝም ብለው ቢሰሙት ኖሮ ሁለት ሌሊት ባልታሰረ ነበር።

ከቆይታ በኋላ ሰለሞን ወደ ብሩክታዊት ቀረበ።

«ብሩኬ፣ መኪናው እንዲህ ሁለት ዓይነት ሆኖ... ምን ላድርገው? አሮጌዎቹን ልመልስ?»

ብሩክታዊት በቀኝ በኩል ሄዳ ጥቁሩን አየች። ዞራ በግራ በኩል ብርማውን አየች። ወንድሟ ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ እንደዞረ አሰበች። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ሞላውን የፋብሪካውን መልስበት፣ እንደ ድሮው ከፍ ይበል። ቸርኬው የግራው ይሁን፣ አራቱም። ዋጃ ሄጄ የልጁን አባት የማናግረው በዚህ መኪና ነው፤ የምነዳውም እኔ ነኝ።»