የግራው ካርቡሬተር

ቮልስዋገኗ ገደል ሥር በጎኗ ተጋድማ ተገኘች። ሸጌ አረጋ መሪውን እንደጨበጠች ሞታለች።

ኢንስፔክተር የትናየት በገመድ እየተያዘች ወረደች። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ተስቧል። ልጅቱ ለመቆም ታግላለች።

ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ሲያርስ የነበረ ገበሬ ያየውን ተናገረ።

«መኪናዋ እያሳለች አቀበቱን ጀመረችው። መሐል ላይ ጸጥ አለች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሮጬ ሳልደርስ ገደሉ ዋጣት።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

አደጋ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። ያረጀ መኪና፣ ያረጀ ፍሬን። የትናየት ግን ሞተሩን ሳላይ አልሄድም አለች። ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡሬተሮች አሉት፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የቀኙ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የግራው ደርቋል። ወደ ግራው የሚሄደውን የነዳጅ ጎማ ነቅላ በቢላ ሰነጠቀችው። ውስጡ ትንሽ የእንጨት ውታፍ ተወትፋለች።

የሰው እጅ አለበት።

ከተማው ወዲያው ሁለት ሰው ጠረጠረ። አንደኛው ደባሱ ነው። ሸጌ አላገባህም ብትለው «ከዚህ አገር በእግሯ ካልሆነ አትወጣም» ብሎ በሰው ፊት ዝቷል።

«ብያለሁ» አለ ደባሱ ዓይኑ እንደቀላ። «የተናደደ ሰው ምን የማይለው አለ? ግን ሳምንቱን ሙሉ ኮን ከተማ ነበርኩ። እህቴን ሳስታምም።»

የትናየት ኮን ድረስ ሰው ልካ አጣራች። እውነቱን ነው።

የቀረው መካኒኩ አባስ ነው። ሸጌ ከአጎቷ የወረሰችውን አሮጌ መኪና ያስነሳላት እሱ ነው። ሞተሩን መጨረሻ የነካውም እሱ ነው ተባለ። ገና ሳይጠየቅ ሰዎች የጋራዡን በር በድንጋይ ደበደቡት። ፖሊስ አባስን ወደ ጣቢያ ወስዶ አሰረው።

«ከሸጌ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው የትናየት።

«ተከራክረናል እንጂ አልተጣላንም።»

«በምን?»

«በካርቡሬተር። እኔ አንድ ይበቃል አልኳት። ነዳጅ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ጊዜ ሁለት ምን ያደርጋል? ደግሞ ሁለቱ እኩል ካልሠሩ መኪናው ያነክሳል። እሷ ደግሞ ጎብኚ እንግዳ ጭኜ ወደ አሸተን ማርያም ስወጣ በአንዱ ብቻ ትንፋሽ ያጥረዋል አለች።»

«ማን ረታ?»

«አባቷ። ጋሽ አረጋ ‹ሁለት ይሁንላት፤ አቀበት ላይ እንዳትቆምብኝ› አሉ። በእሳቸው ግቢ ነው የገጠምኩት። አጠገቤ ቆመው መፍቻ ያቀብሉኝ ነበር።»

ውታፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ከየት እንደወጣች ነገረችው። አባስ አገላብጦ አያትና ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ያደረገ ሰው ሊገድላት አልፈለገም። ሊገድላት ቢፈልግ ፍሬኑን ይቆርጥ ነበር። ሊያስቆማት ነው የፈለገው።»

«ታዲያ ለምን አልቆመችም?»

«የቀኙ ይሠራል። ካርቡሬተሩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰፈሯን ሳትለቅ ሞተሩ ይጠፋ ነበር። በግማሽ ጉልበት እየጎተተ አቀበቱ ላይ ያደረሳት የቀኙ ነው።»

የትናየት ውታፏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት። ወይራ ናት። ዙሪያዋ ተልጎ እንደ ዶቃ ለስልሷል። ጎማ ውስጥ ለሚደበቅ ነገር ማን ይህን ያህል ይደክማል? እንጨት ሻካራ ሆኖ መተው የማይሆንለት እጅ ካልሆነ በቀር።

እንዲህ ያለ እጅ ታውቃለች። ጋሽ አረጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወይራ መስቀል ሲፈለፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሳሳትኩ በሆነ ብላ ተመኘች። ውታፏን ኪሷ ከታ ወደ ቤታቸው ሄደች።

ሽማግሌው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ወደ ቤት ይዛቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ይህችን ያውቋታል?»

አላንገራገሩም። «የእኔ ሥራ ናት።»

«ለምን?»

«ኮምቦልቻ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ አለችኝ። እንግዳው ከቀረ ወዲህ እዚህ ምን ይበላል አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሁለቱ ወንድሞቿም ‹እንመለሳለን› ብለው ነው ወደ ጦርነቱ የሄዱት። አስከሬናቸውን እንኳ አላየሁም። እናታቸው በዚያው ሐዘን ሞተች።» ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ከከተማው ሳትወጣ ትቆማለች፣ ተበሳጭታ ትመለሳለች አልኩ። ምሳዋን አስቀምጬላት ነበር።»

የትናየት እጃቸውን በካቴና አላሰረችም። ክንዳቸውን ደግፋ ወሰደቻቸው።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የተፈታው አባስ ሲወጣ ተገናኙ። ሽማግሌው ቆሙ።

«አባስ፣ ልጄ፤ ካርቡሬተሩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮስ?»

አባስ የትናየትን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አላህ ነው የሚያውቀው፣ ጋሼ።»

«አንተም ታውቃለህ።»

አባስ አንገቱን ደፋ። ጋሽ አረጋ መልሳቸውን አገኙ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

የትናየት ለጎረቤቶቻቸው ልትነግር ተመልሳ ስትመጣ ለቀስተኛው ጨምሯል። ከአሸተን፣ ከገነተ ማርያም፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል። ገና የሚገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሊል ወደ ሐዘንተኛው ቦታ ይዞራል። ቦታው ባዶ ነው። የዚያ ቤት ሰው የሆነ አንድም አልቀረም።