ሰዓት ያሰረው ድንጋይ

ድንጋዩ ሰዓት አስሯል!!

እመኑኝ... የእጅ ሰዓት። ድልድዩ መሐል የተሰካ ጥቁር ድንጋይ፣ ወገቡ ላይ የብረት ሰዓት ጥብቅ ብሎበት። በዓይኔ ነው ያየሁት። እና ደግሞ... ይሠራል!

ውይ፣ መጨረሻውን አስቀደምኩት አይደል? አልቻልኩማ! እሺ፣ ከመጀመሪያው።

በአያቴ በውባንች ላይ የደረሰ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጥቅምት 1972፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... የቆላ ጠራራ ፀሐይ ነው። ቦታው ከሽንፋ ከተማ ወረድ ብሎ ያለው አሮጌው ድልድይ።

ድልድዩ እንደ ደጋን የጎበጡ ሦስት ቅስቶች አሉት። ሲሚንቶ የሚባል አልነካውም፤ ድንጋይና ኖራ ብቻ። በነገሥታት ዘመን ነው የተሠራው ይላሉ። ወዲያና ወዲህ ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ሰው እስከ ጉልበት ስለሚውጥ፣ መንገዱንም ከፍ አድርገው በድንጋይ አንጥፈውታል።

ጠባቂው የውባንች አባት ነበሩ፣ ግንበኛው ገብረማርያም። ክረምት በወጣ ቁጥር መዶሻ ይዘው እያንዳንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ይመቱታል።

ቋ... ቋ... ቋ።

ከዚያ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደህናው ድንጋይ ይጮኻል። የታመመው ድምፁ ይታፈናል።

ውባንች ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንደኔ!

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጀይሉ የሰሊጥ መጋዘን መሥራት አማረው። የተጠረበ ድንጋይ ደግሞ የት አለ? ድልድዩ ላይ።

"የመሐሉን ቅስት አፍርስ" አላቸው፣ ሽማግሌውን "አንተ" እያለ።

"ጓድ፣ ከላይ እንጀምር። የመሐሏ ድንጋይ ከሥር ከወጣች ሁሉም ይወርዳል።"

"አብዮቱን ልታስተምር ነው? ግባ ከሥር!" ጠመንጃውን አቀባበለ።

ገቡ። የመሐሏን ድንጋይ ነቀሉ።

ቅስቱ ወረደባቸው።

ውባንች ስትደርስ ከክምሩ መሐል አንድ እጅ ወጥቷል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ! ያዘችው። ሳበች። ብቻዋን አልቻለችም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በማርያም! እጅዎን... እጅዎን ይስጡኝ፣ አብረን እንሳባቸው!"

ጀይሉ እጁን አነሳ።

ሰዓቱን አየ።

"ስድስት ሆኗል። ምሳ ሰዓት ነው።"

ሄደ። ሠራተኞቹንም ይዟቸው ሄደ። የአባቷ ጣቶች እጇ ውስጥ እንዳሉ ቀዘቀዙ...

ሲመለሱ እሷን ገፍተው ድንጋዩን እያነሱ ጫኑ። ሥሩ ባዶ ነበር። ሬሳ የለም፤ የያዘችው እጅ እንኳ የለም። መዶሻውም የለም።

በአርባኛው ቀን ነው የጀመረው።

ከአዲሱ መጋዘን ግድግዳ አንድ ድንጋይ ጠፋ። ልክ በስድስት ሰዓት። በማግስቱ ሁለት። ከዚያ አምስት...

የፈረሰው ቅስት ደግሞ ከግራም ከቀኝም እየገጠመ መጣ። ኖራው ገና እርጥብ ነው። የሚሠራ ሰው ግን የለም። ድምፁ ብቻ...

ቋ... ቋ... ቋ።

በመጨረሻ የመሐሏ ድንጋይ ቦታ ብቻ ክፍት ቀረ።

ጀይሉ ውባንችን ከቤቷ ጎትቶ አወጣት። "ከእነማን ጋር ነው የምትሰርቂኝ?"

"እኔ? ያን ድንጋይ? ኧረ ጓድ፣ እኔን እንስራም ያንገዳግደኛል!"

"ትቀልጃለሽ? ዛሬ ሌባውን ካላሳየሽኝ እዚያ ክፍተት ውስጥ የምሰካው አንችን ነው!"

እየገፋ ድልድዩ ላይ አወጣት። ክፍተቷ የሰው ደረት ታህላለች። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ማነው ከሥር?"

ቋ።

ጠመንጃውን አስቀምጦ አንድ ክንዱን አስገባ።

ቋ።

ትከሻው ገባ። እሱ አልገባም እኮ... ተሳበ።

ቋ።

ድንጋዮቹ ጠበቡ። የቀረው ራሱና ሰዓት ያሰረው እጁ ብቻ ነው።

"ውባንች... እጅሽን... እጅሽን ስጭኝ!"

ውባንች ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

"ምሳ ሰዓት ነው" አለችው።

ሄደች።

በማግስቱ ክፍተቷ ተደፍና ተገኘች። በጥቁር ድንጋይ። ሰዓት ባሰረ። ጀይሉን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። መጋዘኑም ሁለተኛ አልተነካም።

ባለፈው እሑድ አያቴ ወሰደችኝ።

"እይው እንጅ እንዳትመችው" አለችኝ።

እኔ ደግሞ... ውይ ይቺ እጄ! በጣቴ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

አልጮኸም። ታፈነ።

ከዚያ ከውስጥ... በጣም ቀስ ብሎ...

"እጅሽን..."

ዘወር ስል አያቴ ቀና ብላ ፀሐይዋን እያየች ነው።

"ነይ የኔ ልጅ። ምሳ ሰዓት ነው።"

ልከተላት አልኩ። እጄን ግን... መቼ እንደዘረጋሁት አላውቅም፣ ድንጋዩ ላይ ነበር። ሞቃት ነው። ከሥር ደግሞ መዶሻው ጀመረ።

እናንተ ብትሆኑስ? እጃችሁን ትሰጡት ነበር?