የኢድሪስ ለቅሶ

ሰውየው ሻዩን እየማገ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ልጆቹ ምን ይላሉ?»

«አፋቸው አንድ አይደለም» አለ ሽመላ። «አንዱ ዳቦ ይላል። አንዱ ካርቱም ምሥራቁን ረስታለች ይላል። ግማሹ ደግሞ ዲግሪዬን ልያዝና አገሩ ይገልበጥ ባይ ነው።»

«ነበር በለኛ! ጓደኛቸው ኢድሪስ ሐሙስ ዕለት ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ከወደቀ ወዲህስ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሽመላ። ከዚያ ወዲህ አፋቸው አንድ ሆኗል።

ሽመላ የምስጢር ስሙ ነው። የከሰላ ተማሪዎች የሚያውቁት በድረዲን ብለው ነው፤ ፉል ከአንድ ሳህን አብሯቸው የሚበላ የኢኮኖሚክስ ተማሪ። ሲከራከሩ ይሰማል። የሰማውን ገበያ መሃል፣ ሻይ ሻጯ ዘንድ፣ «አጎት» ለሚባለው ለዚህ የደኅንነት መኮንን ያቀብላል።

«ሰልፉን የሚያስወጣው ሙንተሲር ነው። መልኩን አናውቀውም» አለ አጎት። «የኢድሪስ ለቅሶ ላይ መኖሩን አይተህ ግባ። ፊት ለፊቱ ቆመህ ለፋቲሃ ጸሎት እጅህን አንሳ። ሰዎቼ ከማዶ ያያሉ።»

«ከዚያስ?»

«እሱን ብቻ እንወስዳለን። ተመክሮ ማታ ቤቱ ይገባል። ወላሂ!»

ከዚህ ሰው አፍ መሐላ! ሽመላ ግን አመነ። ማመን ፈልጎ ነበርና አመነ።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሙንተሲር ከኢድሪስ አባት ከሀጂ ኦሼክ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በሹክሹክታ ይሟገታል።

«እነሱ ጥይት አላቸው። እኛ ያለን ብዛታችን ነው።»

«ብዛት ጥይት ይመልሳል?» አለው አንዱ። «ኢድሪስን ጠይቀዋ!»

ሙንተሲር ቀና አለ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ሽመላን ሲያይ ግን ፈገግ አለ።

«ውይ፣ የኛ ከርሳም! ፉሉን ትተህ መጣህልን?»

ሽመላ ፊቱ ቆመ። ከማዶ የቆመው የአጎት ሰዎች ነጭ ፒካፕ ሞተሩ አልጠፋም።

እጁን አላነሳም።

አላደርገውም፣ አለ በሆዱ። ገደል ይግቡ!

ለቅሶ ቤት ገብቶ ፋቲሃ የማይቀራ ሰው ግን ነውረኛ ነው። ሁሉም አፈጠጠበት። ሀጂ ኦሼክ ሐዘን ያደነዘዘው መሰላቸው፤ የዋህ ሰው ናቸው።

«አይዞህ ልጄ» ብለው ራሳቸው ተነሱና እጃቸውን ዘረጉ። ሙንተሲር ተነሳ። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ።

ፒካፑ ተንቀሳቀሰ።

ከኋላው ሌሎች መኪኖች ነበሩ።

ዱላው ማንንም አልመረጠም። ሽመላንም ጎተቱት። ሀጂ ኦሼክ ወገቡ ላይ ተጠመጠሙ።

«እሱን ተዉልኝ! የልጄ ጓደኛ ነው! የቀረኝ እሱ ነው!»

የጠመንጃ ሰደፍ አናታቸው ላይ አረፈ።

አመሻሹ ላይ አጎት የሽመላን ካቴና ሲፈታ ይስቅ ነበር።

«አንድ ሰው ብለውኝ ነበር! እጄን እኮ አላነሳሁም!» አለ ሽመላ።

«እጅህን ማን ጠበቀ፣ ጅል! አንተ ከገባህ ሙንተሲር አለ። እሱ ካለ ሁሉም አሉ። ለፋቲሃ ሲነሱ ደግሞ እጃቸው ባዶ ነው።»

«ሽማግሌውስ?»

«ሞቱ።»

የኢድሪስ እናት ለልጇ የተቀመጠችው ለቅሶ ሳያበቃ ለባሏ ተቀመጠች። ሽመላ ሊደርሳት አልቻለም። በምን ፊቱ!

ወደ ፖርት ሱዳን አዛወሩት። ሌላ ግቢ፣ ሌላ ስም። ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው የሚሟገቱ ተማሪዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ። በከሰላ ለቅሶ ቤት የሆነውን ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አለ፣ እየተቀመጠ። «እስቲ ንገሩኝ።»