መርፌዋ እስክትነሳ

«እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ!» አሉ አዛውንቱ መካኒክ፣ ከተከፈተው ኮፈን ስር።

በፍጥነቱ «ጥይት» የሚሉት ወጣት ሾፌር እግሩን አነሳ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና እየተንቀጠቀጠ መዞር ጀመረ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ተራራው ላይ ባለው የድንጋይ ማውጫ፣ በካባው ግቢ የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ ውርጭ ለብሰዋል። አለት በመብሳት የሚተዳደረው ታላቅ ወንድሙ ከፒክአፗ የኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተጋድሟል። የካምፑ ነርስ ነገሩን አላድበሰበሰችውም፦ «ትርፍ አንጀት ነው። ከቀትር በፊት በቀዶ ጥገና ካልወጣ ራሱ ይፈነዳል።» ሆስፒታሉ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከተራራው ግርጌ፣ ከጫካው ማዶ፣ ከበረሃው ሜዳ ወዲያ።

«ጋሼ፣ ልሂድ?»

«አትሂድ።»

«ወንድሜ እየሞተብኝ ነው እኮ!»

«ለዚህ ነው አትሂድ የምልህ። ዘይቱ እንደ ማር ረግቷል። ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይዙር፤ የቀረውን እየሄደ ይሞቃል፤ አንተ እግርህን ካቀለልክለት።»

ጥይት ጥርሱን ነከሰ። ከጋራዡ ጥግ የካምፑ አምቡላንስ ሞተሩ ወጥቶ በግንድ ላይ ተቀምጧል። ከሁለት ወር በፊት፣ ልክ እንደዚህ ባለ ጠዋት፣ ጥይት ከአንድ የገልባጭ ሾፌር ጋር ተወራርዶ የአምቡላንሱን ቀዝቃዛ ሞተር እስከ ጥጉ ረገጠው፤ ሞተሩም ዳገቱ ወገብ ላይ ደርቆ ቀረ። ያን ቀን ካምፑ በሙሉ «ጥይቱ ከሸፈ» ብሎ ሳቀበት። ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም። ሕመምተኛ የምትወስድ ይህች አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነበረች የቀረችው።

መካኒኩ ከራዲያተሩ ፊት አንድ ካርቶን በሽቦ አሰሩ። ካባው ውስጥ የማይታሰርበት መኪና የለም፤ ብርዱን ይከልላል፣ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። ከዚያ ኮፈኑን ከድነው ከጥይት ጎን ገቡ።

«ይምጡ ያለዎት አለ?»

«አንተን ብቻህን አላምንህም። በል፣ በቀስታ።»

ወጡ። ጉሙ ከገደሉ ስር ተንከባሎ መንገዱን ዋጠው። ጥይት በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁል ተሳበ፤ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ፣ አንድ ዓይኑን በገደሉ አፋፍ፣ አንድ ዓይኑን ከመለኪያው ግርጌ ተጣብቃ በቀረችው የሞተሩ ሙቀት መርፌ ላይ ጥሎ። መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማ በበረዶ ሸሸ። ጥይት ፍሬኑን አልረገጠም፤ መሪውን ወደ ሸሸበት መለሰው። ጎማው ጠጠር ነክሶ ቆመ።

«ደርሰናል?» አለ ወንድሙ ከኋላ።

«ገና ነው ወንድምጋሼ። አይዞህ።»

«አንተ ስትነዳ አይዞህ መባል ያለበት መንገዱ ነው።» ሊስቅ ሞከረና ሳቁ ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

ጫካው ውስጥ ደግሞ ጎሽ ጠበቃቸው። ብቻውን ነው፤ መንገዱን በአግድም ዘግቶ፣ ከአፍንጫው እንፋሎት እየለቀቀ ቆሟል። የጥይት እጅ ወደ ጡሩምባው ሄደች።

«እንዳትነካው» አሉ መካኒኩ በሹክሹክታ። «መኪናዋን ከነነፍሳችን ይገለብጣታል።»

ጎሹ ቀረበ። ኮፈኑን አሸተተ። ቀንዱን ሰብቆ የግራውን መብራት እንደ እንቁላል ሰበረው፤ ብርጭቆው ሲንኮሻኮሽ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ዘወር ብሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ጥይት ዳሽቦርዱን አየ። መርፌዋ ተነስታለች።

«አሁን ተፈቅዶልሃል» አሉ መካኒኩ።

ረገጠው። ፒክአፗ ጫካውን ሰንጥቃ ወጣች፤ ቁልቁለቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ተወረወረች። ዛፉ አነሰ፣ ሣሩ ጠፋ፣ አየሩ ከምድጃ እንደሚወጣ ሆነ። ለአንድ ሰዓት ያህል አሸዋና ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከኋላ የሚመጣው ማቃሰት እየቀነሰ ሄደ፤ መቀነሱ ደግሞ ጥይትን ከጩኸት ይልቅ አስፈራው። ከዚያ መርፌዋ ከመሃል አለፈች። ቀዩ ላይ ተጠጋች። የጋለ ብረት ሽታ ገባ፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ፏጨ።

አቆመና ወረደ። ሞተሩ ጠፋ። መካኒኩ በፊት ለፊት ዞሩና ደርቀው ቀሩ።

ካርቶኑ እንደታሰረ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ተራራ ላይ ነው የኖርኩት። ይቺ መኪናም ሜዳ ወርዳ አታውቅም። ማሰር እንጂ መፍታት አልለመድኩም፣ ልጄ።»

ጥይት ምላሱ ላይ የመጣችውን አንዲት የስድብ ቃል መለሳት። ካርቶኑን ቀዶ ጣለው።

ውሃው ጎድሏል። ጀሪካን ይዘዋል፤ ነገር ግን የራዲያተሩ ክዳን ሳይበርድ ቢከፈት ፊት ይልጣል፣ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ ደግሞ ብረቱ ይሰነጠቃል። ወንድሙ ግንባሩ ላይ ላቡ ደርቆ፣ ከንፈሩ ገርጥቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ጥይት እጁን ያዘው። እሳት ነበር።

ያኔ ነው አቧራውን ያዩት። ከሩቅ ኮረብታ ስር፣ ሁለት ቀጫጭን ጭራ፣ ወደ እነሱ።

«ሞተር ሳይክል ናቸው» አሉ መካኒኩ። በዚያ ሜዳ ሽፍታ ስለማይታጣ የቆመ መኪና ባለቤቱ ብዙ እንደሆነ ካባው ውስጥ ያልሰማ ሾፌር አልነበረም። «ተነስ፣ አስነሳው። እንሂድ።»

«ገና ነው ጋሼ።»

«ውሃውን ወደፊት ሄደን እንሞላዋለን!»

«አሁን ከነዳሁት አሥር ኪሎ ሜትር አይሄድም። እነሱም እዚያ ያገኙናል፣ ወንድሜም እዚያ ያልቃል።»

«አንተ ልጅ፣ ይገድሉናል እኮ!»

«እግዜር ያውቃል። ቁጭ ይበሉ።»

ጥይት ኮፈኑን ከፈተ። ኮቱን አጥፎ ክዳኑ ላይ ጫነ፣ ሙቀቱን ለካ፣ አነሳ። ጠበቀ። ደግሞ ጫነ። አቧራው ወፈረ። የሞተሮቹ ጉርምርምታ መሰማት ጀመረ። መካኒኩ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። ጥይት ክዳኑን በሩብ ዙር ፈታ፤ እንፋሎቱ የእጁን አንጓ ለበለበው፤ አልለቀቀም። እስኪተነፍስ ጠብቆ ከፈተው።

«አሁን ያስነሱልኝ!»

ሞተሩ ተነሳ። ውሃውን በቀጭኑ፣ በቀጭኑ አንቆረቆረ። አንድ የጠመንጃ እርሳስ ከራሳቸው በላይ አፏጭቶ አለፈ። ጀሪካኑ ግማሽ ሆነ። ሌላ ተኩስ የጀርባውን ሳንቃ ደነቆለው። ክዳኑን አሰረ፣ ኮፈኑን ጣለ፣ ዘሎ ገባና ረገጠ።

አሮጊቷ ፒክአፕ ያለ አንዳች ማንገራገር ተፈናጠረች። ከፊት ሰፊ ደረቅ ወንዝ አሸዋውን ዘርግቶ ይጠብቃል። አንደኛው ሞተር ሳይክል በቀኝ በኩል ተስተካከለ፤ ጋላቢው ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ጠመንጃውን በአንድ እጁ ያወዛውዛል።

«ፍጥነት ቀንስ፣ አሸዋ ነው!» ጮኹ መካኒኩ።

«ከቀነስኩ ይውጠናል!»

ሦስተኛ ማርሽ ከተተ፤ እግሩን አላነሳም። ፒክአፗ አሸዋው ላይ ተንሳፈፈች፣ ቂጧን ወዲያ ወዲህ እያላጋች ማዶውን ነከሰች። የሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ ተቀበረ፤ ጋላቢው በራሱ ላይ ተገለባበጠ። ሁለተኛው ሊያነሳው ቆመ። ከዚያ በኋላ አቧራቸው ከኋላ እየቀጠነ ሄደ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሱ። ወንድሙን በአልጋ እየገፉ አስገቡት። ጥይት እስከ ቀዶ ጥገና ክፍሉ መስታወት በር ተከተለ፤ እዚያ አስቆሙት።

ከመስታወቱ ወዲያ ሐኪሙ ይታጠባሉ። ጣት በጣት። ከጥፍር ስር። ከዚያ እስከ ክርናቸው። ደግመው ከጥፍር ስር። ውሃው በቀስታ ይወርዳል፣ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል።

ከአጠገቡ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ፣ የራሳቸውን ሰው የሚጠብቁ እናት ትዕግሥታቸው አለቀ። «እንደው ይሄ ሰውዬ ሥራው ማከም ነው መታጠብ? ሂድና አንኳኳበት እንጂ፣ ወንድምህ አይደል?»

«ይተዉአቸው እናቴ» አለ ጥይት። የተለበለበ አንጓውን በሌላው እጁ ደግፎ ግድግዳውን ተደገፈ። «ይታጠቡ።»

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ጭምብላቸውን አወረዱ።

«ወንድሙ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ትርፍ አንጀቱ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። ሳይፈነዳ አወጣነው። ይተርፋል።»

መካኒኩ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ጥይት ወደ በሩ ተጣደፈ። ሐኪሙ ክንዱን ይዘው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«ቁጭ በል» አሉት። «አሁን የሚያስቸኩልህ የለም።»