ጠማማው ካፖ

«ጣይው» አሉ ቲቸር በዛብህ።

አብርሆት ጊታሩን እንዳቀፈች ቀና ብላ አየቻቸው። በጊታሩ አንገት ላይ የታሰረችውን ቁራጭ እንጨት በእስክሪብቷቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጓታል። የሙዚቃ ክበቡ ልጆች ከብበዋታል። መብራት ጠፍቶ የፕላዝማ ትምህርት ስለቀረ ከሌላ ክፍል የወጡ ተማሪዎችም መስኮቱ ላይ ተደርድረው የሚሆነውን ይጠብቃሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ካፖ ነው ቲቸር። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«ክራንች ነው እንጂ። እግር ያለው ሰው ክራንች አይዝም፤ ጣት ያለውም ሰው ካፖ አያስርም።»

መስኮቱ ላይ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። አብርሆት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ቲቸር በዛብህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጊታር የተማሩት ጣታቸው እየደማ ስለሆነ፣ ማንም ሰው ጣቱ ሳይደማ ጊታር የሚማር አይመስላቸውም።

«የወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉ። «እስከዚያ ኤፍ ኮርድን በጣትሽ ብቻ ጥርት አድርገሽ ካልተጫወትሽ ጊታሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ትምህርት ቤቱ ያለው ጊታር አንድ ብቻ ነው። በመላው ቦንጋም ቢፈለግ ለዘጠነኛ ክፍል ሴት ልጅ ጊታር የሚያውስ ሰው አይገኝም። ይሄ ከእጇ ከወጣ ወጣ ማለት ነው።

ኤፍ ኮርድን የፈጠረው ሰው የሴት ልጅ ጣት አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። አመልካች ጣትን በስድስቱም ክሮች ላይ አጋድሞ፣ ሁሉንም እኩል መጫን ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱ ጊታር ደግሞ ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው የቆሙ ናቸው። የአብርሆት አጭር ጣት ክሮቹን ሲጫን የሚወጣው ድምፅ ጣሳ እንደመቱ ያለ ነው።

ካፖን ያየችው ባለፈው ክረምት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለጉባኤ የጋበዘው ጊታር ተጫዋች እጅ ላይ ነው። ልጁ አንዲት መቆንጠጫ ነገር በጊታሩ አንገት ላይ ሲያደርግ፣ ጣት የሚሠራውን ሥራ መቆንጠጫዋ ሠራችው። የሚያውቃቸው ቀላል ኮርዶችም ከፍ ባለ ድምፅ ይወጡለት ጀመር። አብርሆት ከዚያ በኋላ ስብከቱን ሰምታለች ለማለት ያስቸግራል። ጓደኛዋ ማርቲ የምትዘፍነው የቲቸር በዛብህ ኮርዶች ከሚያወጡት ድምፅ ከፍ ብላ ስለሆነ፣ ይቺ ነገር ለሁለቱም መፍትሔ ነበረች።

ማሰሪያ እንዲሆናት ከጎሚስታው አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጡን ላስቲክ፣ ለመነች። እንጨቱን ደግሞ አባቷን አስቆረጠች። አባቷ አቶ ፈለቀ ጫካ ገብተው ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ከጓሯቸው ከቡናው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ልጠው ሰጧት። ጫፉ ወደ ላይ የጎበጠ ነበር።

«አባዬ፣ ቀጥ ያለ አጣህ?»

«የቡና ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ያደገው የት አገር ነው?» አሏት በካፊኖኖ፣ በቤታቸው ቋንቋ።

እየተነጫነጨች አሰረችው። ቀጥ ያለው ወገን አራቱን ቀጫጭን ክሮች ተጫነ፤ የጎበጠው ጫፍ ግን ሁለቱን ወፍራም ክሮች ሳይነካቸው ከበላያቸው አለፈ። በቢላዋ ልታቃናው አሰበችና ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ክሮቹን መታቻቸው። አራቱ ክሮች ከፍ ብለው ሲናገሩ ሁለቱ ወፍራሞች ከሥር በራሳቸው ድምፅ ቀሩ፤ ንብ የሞላበት ቀፎ ላይ ጆሮ ሲያስጠጉ የሚሰማው ዓይነት እምምታ። በር ላይ የነበሩት አባቷ ሳያስቡት ቀፎ ሲሰቅሉ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ ጀመሩ። አብርሆት ቢላዋውን አስቀመጠች። ለወላጆች ቀን ማርቲ የምትዘፍነው ዘፈን የተገኘው እንደዚህ ነው።

«ለምን ታካብጂዋለሽ?» አለቻት ማርቲ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። «ኤፉን እንደምንም ተጫወቺላቸው። እንጨቱን ጣልኩት በያቸው። መድረክ ላይ ስንወጣ ከኪስሽ አውጥተሽ ታስሪዋለሽ። በሕዝብ ፊት ምን ያመጣሉ?»

«ልደብቀው?»

«አቦ ፋራ አትሁኚ። ለአንድ ቀን ነው።»

አብርሆት እርምጃዋን አፈጠነች። ሰርቃ ያመጣችው ዕቃ ይመስል ካፖዋን ኪሷ ውስጥ መክተት አናደዳት። ክራንች መባሉም አናደዳት። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ግን ኤፍ ኮርድ ራሱ ነው። ደግሞ ለኤፍ ልሸነፍ? አለች በሆዷ።

የክበቡ ጊታር ተጫዋች ስለሆነች ጊታሩን ቤት ወስዳ እንድትለማመድ ተፈቅዶላታል። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቷ ተላጠ፤ ኤፍ ግን ያው ጣሳ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በንዴት አለቀሰችና፣ አልቅሳ ስትጨርስ ክሮቹን አጎንብሳ መረመረች። ከጊታሩ ራስ አጠገብ ክሮቹ ድርቅ ያሉ ናቸው። ካፖ ሲታሰር ግን ከካፖው ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ክሮቹ ዝቅ ብለው ከአንገቱ ጋር ይቀራረባሉ። እዚያ ጣት ቢጋደም ብዙም አይታገልም።

ጠማማውን ፈትታ በምትኩ ስድስቱንም ክሮች የሚጫን ቀጥ ያለ እርሳስ አሰረች። በአንገቱ ላይ ከተጋደሙት ብረቶች፣ ፍሬት ከሚሏቸው፣ ከአራተኛው ጋር አጠጋችው። ጣቷን አምስተኛው ላይ አጋድማ መታችው። ከስድስቱ አምስቱ ክሮች ጠርተው ወጡ። እንደገና መታችው። ስድስቱም ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የእልህ ሆነ። አንዱ ቦታ ሲጠራላት እርሳሱን አንድ ፍሬት ወደ ጊታሩ ራስ ታወርደዋለች፤ እዚያ ደግሞ ትታገላለች። የእጇ ቅርፅ ያው ነው፤ ቦታው በተቀየረ ቁጥር ግን የኮርዱ ስም ይቀየራል። አምስተኛው ላይ ኤ የነበረው ሦስተኛው ላይ ጂ ሆነ። በየቦታው የሚወጣውን ድምፅ ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። በቃሏ ልትይዘው ስትሞክር ሲያምታታት የከረመው የጊታር አንገት፣ አሁን የሰፈሯን ቤቶች ያህል አወቀችው። በመጨረሻም እርሳሱ የሚወርድበት ቦታ አለቀ። ፈትታ ወረወረችውና ጣቷን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አጋደመች።

ቀነ ገደቡ ደረሰ። ክበቡ ተሰበሰበ፤ መስኮቱም እንደ ልማዱ ሞላ።

«እሺ፣ ኤፍ» አሉ ቲቸር በዛብህ።

አብርሆት መታችው። ስድስቱም ክሮች ጥርት ብለው ወጡ። ቲቸር በዛብህ ጆሯቸውን ያላመኑ ይመስል ጠጋ አሉ።

«ጂ?»

እጇን አንሸራተተችና መታች።

«ኤ?»

እሱንም መታች። ከዚያ ሳትጠየቅ በመሃል ያሉትን ሁሉ፣ ስማቸውን እየጠራች መትታ፣ ወደ ኤፍ ተመለሰች። የሳቀ ሰው የለም።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ክራንቹ» አለች አብርሆት።

መስኮቱ ላይ ሳቅ ሆነ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን በእሷ አልነበረም። ቲቸር በዛብህ ፈገግታቸውን ለመያዝ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ጎበዝ። መድረክ ላይ ትወጫለሽ» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «እንጨቷን አምጪያት በይ። ከእንግዲህ አታስፈልግሽም።»

ማርቲ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ተማጸነቻት፦ ስጫቸው፣ ሌላ እናስቆርጣለን። ቀላል ነገር ነበር። ጊታሩ እጇ ላይ ነው፤ መድረኩም ተፈቅዶላታል። ዘፈኑንም ያለ ካፖ ልትጫወተው ትችላለች፤ ቤት ውስጥ ሞክራዋለች። ኮርዶቹ ሁሉ ነበሩ። ያ ከሥር የሚሰማው የቀፎው ድምፅ ግን አልነበረም፤ አባቷም በር ላይ አልቆሙም።

ካፖዋን ከኪሷ አወጣች። መዳፋቸው ላይ ግን አላስቀመጠችም።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ያሰርኩት ስላልቻልኩ ነው። እውነትዎን ነው» አለች። «አሁን ችያለሁ። አሁን የማስረው ስለፈለግኩ ነው።»

«አብርሆት፣ ጊታሩ የትምህርት ቤቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደንቡን የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ። መጀመሪያ ይስሙት፤ ከዚያ ይውሰዱት።»

ቲቸር በዛብህ መዳፋቸውን አላጠፉም። አብርሆት በፊታቸው፣ ሳትቸኩል፣ ጠማማውን እንጨት አንገቱ ላይ አጋደመች፤ የጎበጠውን ጫፍ ከወፍራሞቹ ክሮች በላይ አሳልፋ ላስቲኩን ሳበችና አሰረችው። ማርቲን አየቻት። ማርቲ ትንሽ አመነታችና መጥታ አጠገቧ ቆመች።

አብርሆት ሁለቱን ወፍራም ክሮች ቀድማ መታች። ጊታሩን ይውሰዱት አይውሰዱት ዘፈኑ ሲያልቅ ይታወቃል። እስከዚያው ድረስ በእጇ ነው።