ነጭ የቀረው ብልቃጥ

ሽማግሌው ተመራማሪ የሞቱት በገዛ ቤተ ሙከራቸው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር፤ መቀርቀሪያውን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ደግሞ ከተሰበረ ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሙ ብርዱና ደካማ ልባቸው ተባብረው እንደገደሏቸው ተናገረ። አጠገባቸው ወተት የያዙ አምስት ብልቃጦች ተደርድረዋል።

የፖሊስ መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም።

«ወተቱ ለምንድን ነው?» ስትል የሟቹን ምክትል ጠየቀች።

«ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ጠብ ሲደረግበት ወተቱ ይጠራል። ጋሼ የዚህን ኢንዛይም ዘመዳሞች ከአርባ አንድ እንስሳት ሰብስበው ሲመዘግቡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። መዝገቡ ዛሬ ለኅትመት ሊላክ ነበር።»

«አምስቱም ነጭ ናቸው።»

«የላምም የአሳማም ኢንዛይም ብርድ ላይ አይሠራም። የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ግን ይሠራል፤ 'ዓሣ' ተብሎ የተጻፈበት ብልቃጥ መጥራት ነበረበት።» ምክትሉ መዝገቡን ገልጦ ፊርማውን አሳያት። «የዓሣውን ኢንዛይም የለካችው እዚሁ የምትሠራው ልጃቸው ናት። ደግሜ ለክቼ መፈረም የነበረብኝ እኔ ነኝ። የጋሼ ልጅ ትሳሳታለች ብዬ አላሰብኩም፤ ሳልለካ ፈረምኩ።»

ዕቃ ቤት ጠባቂውም ቀና ማለት አልቻለም። «እጀታውን ዛሬ ነገ እጠግነዋለሁ እያልኩ ነው፣ እመቤቴ። ጉድ ሠራሁ።»

«ውስጥ ሰው መኖሩ በምን ይታወቃል?»

«የገባ ሰው ጋዋኑን አውልቆ በሩ ላይ ይሰቅላል፤ ካፖርት ለብሶ ይገባል። ጋዋን ካለ በሩ አይቀረቀርም።»

ልጅቷ ግን ትናንት ከአባቷ ጋር እንዳልተገናኘች ብቻ ተናገረች። መርማሪዋ የሦስቱንም ጋዋን ለምርመራ ተቀበለችና ከሰዓት በኋላ በሽማግሌው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ዓሣ የተባለው ብልቃጥ ካልጠራ ዓሣ አይደለም» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «አባትሽ ጠርጥረው ሊፈትኑት ገቡ። ጋዋናቸው በሩ ላይ ቢገኝ ማንም ባልቀረቀረ ነበር። እኔ ያገኘሁት እዚህ ወንበራቸው ላይ ነው፤ እጅጌው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ። ጠዋት ምክትሉ ጋዋኑን ወረወረልኝ፤ ጠባቂው ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንቺ ግን እጅጌውን ወደ ውስጥ ከተሽ፣ ሦስት ቦታ አጠፍሽው።»

«ቤትም ልብሱን የማጥፍለት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ወደ አባቷ ባዶ ወንበር ዞረች።

«የዓሣው ናሙና ተበላሸብኝ። ልነግረው አፈርኩና የላሟን ቀድቼ ሞላሁበት፤ ቁጥሩንም ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ። ትናንት ስገባ ብልቃጡን ይዞ 'ይሄ ምንድን ነው ልጄ?' አለኝ። አልተቆጣኝም። ወጥቼ ቀረቀርኩበት። ጋዋኑን ያነሳሁት ሌላ ሰው ከፍቶ ጉዴን እንዳይሰማ ነው።»

«ከውስጥ እንደማይከፈትለት ታውቂ ነበር?»

«አንኳኳ። 'ልጄ' እያለ አንኳኳ። ልከፍትለት እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ነበር። ግን ከከፈትኩ ፊቴን ያየዋል።»

ከተሰበሰቡት መካከል ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።